«ኖት ኮምፕሊትሊ» ማለት «ጭራሽ» ማለት አይደለም

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው ምሠራው። አንድ እንግሊዛዊ ለጥምቀት ክፍል አለ ወይ ብሎ ኢሜይል ላከልኝ፣ እኔም ገና ምንም አልሞላንም፣ ጭራሽ አልሞላንም ለማለት ‹ዊ አር ኖት ኮምፕሊትሊ ፉል› ብዬ መለስኩለት። እሱ አመስግኖ እኛ 8 ሰዎች ነን አይበቃንም፣ ሌላ ሆቴል ይዘናል አለኝ። እኔ መቼ አይበቃም አልኩ? ዲክሽነሪ ላይ ኮምፕሊትሊ ማለት ሙሉ በሙሉ፣ ፈጽሞ፣ ጭራሽ ነው የሚለው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞ ፉሊ፣ ቶታሊ፣ ኢንታየርሊ፣ አብሶሉትሊ የሚባሉት ሁሉም አንድ ናቸው ይሉኛል፣ እውነት ነው?»

ሰዋስውሽ ላይ ምንም ስህተት የለም፣ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምን ለማለት ፈልጋ ነው ብሎ መልሶ ይጠይቅሽ ነበር። አሁን ግን ዓረፍተ ነገሩ ንጹህ ነው፣ የሚናገረው ነገር ነው አንቺ ያላሰብሽው። እሱ ያነበበው «ሙሉ በሙሉ አልሞላንም» ብሎ ነው፣ ይሄ ደግሞ ልንሞላ ትንሽ ቀርቶናል፣ ቢቀር አንድ ሁለት ክፍል ነው እንደማለት ነው። 8 ሰው ይዞ የሚመጣ ሰው ይሄን አንብቦ ሌላ ቦታ ቢሄድ አይፈረድበትም። አንቺ የፈለግሽው «ጭራሽ አልሞላንም» ነው። በአማርኛ እነዚህን ሁለቱን ማንም አያምታታም፣ ታክሲ ረዳቱ «ሙሉ በሙሉ አልሞላም» ካለሽ አንድ ወንበር አለ ማለቱ ነው፣ «ጭራሽ አልሞላም» ካለሽ ደግሞ ተቀምጠሽ ስትጠብቂ ልትውይ ነው። ዲክሽነሪው ሁለቱን በኮማ አጣብቆ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፊት ስለደረደራቸው ነው አንድ የመሰሉሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጭራሽ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ጨርሶ»፣ «በፍጹም» የሚባሉት ቃሎቻችን ዋና ሥራቸው አሉታውን ማጠንከር ነው። «ፈጽሞ አልመጣም»፣ «ጨርሶ አላየሁትም» ስትዪ ያጠነከርሽው መምጣቱን ወይ ማየቱን ሳይሆን «አል» የምትለዋን ነው። (እርግጥ «ጭራሽ እኔኑ ይሰድበኛል!» የሚባልም አለ፣ እሱ ግን ግርምት ነው፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።) ኮምፕሊትሊ ይሄን ሥራ አትሠራም። እሷ የምትለካው አጠገቧ ያለው ነገር መጨረሻው ድረስ መድረስ አለመድረሱን ነው። ሥሯ ከላቲን ነው፣ መሙላት ከሚል ግስ የመጣች ነች፣ እስካሁንም ጠባይዋ ያው ነው፣ እስከ አፉ ሞልቷል ወይስ አልሞላም ነው ጥያቄዋ። ስለዚህ ፊቷ ላይ «ኖት» ሲመጣ የሚካደው መሙላቱ ራሱ አይደለም፣ እስከ አፉ መድረሱ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ ግማሹም ሦስት እጁም፣ ሊኖር ይችላል፣ እንደውም ሰሚው የሚገምተው ብዙ እንዳለ ነው።

ጭራሽ ለሚለው እንግሊዝኛው «አት ኦል» ነው፣ ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። «አይ ዶንት ኖው ሂም አት ኦል»፣ ጭራሽ አላውቀውም። «ኢት ዲድንት ሬይን አት ኦል»፣ ጠብ አላለም። ከኛ ሀገር ልጆች አፍ ብዙ ጊዜ የምሰማው ግን «አይ ኮምፕሊትሊ ዶንት ኖው» ነው፣ አማርኛችን «ጭራሽ»ን ከግሱ በፊት ስለሚያስቀድም እንግሊዝኛውንም በዚያው መስመር እናስኬደዋለን። ፈረንጁ ይገባዋል፣ ግን ጆሮው ላይ ይጎረብጠዋል፣ ፈተና ላይም ነጥብ ያስቀንሳል። ቃሉን ገልብጠሽ «አይ ዶንት ኮምፕሊትሊ ኖው» ካልሽ ደግሞ ባሰ፣ በከፊል አውቃለሁ አልሽ ማለት ነው።

አስጎብኚ ጓደኞች ስለሚኖሩሽ በከተማችን ምሳሌ ልስጥሽ፣ እነሱ ጋ ይሄ ስህተት ታሪክ ያጣምማል። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲወድሙ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል። አሁን አንዱ አስጎብኚ ይሄን ለማስረዳት «ዘ ቸርች ዎዝ ኖት ኮምፕሊትሊ በርንድ» ቢል ቱሪስቱ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጥሏል፣ ግን የተረፈ ነገር አለ የሚል ነው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እያየ የትኛው ነው እንደገና የተሳለው ብሎ ይጠይቃል። መባል ያለበት «ኢት ዎዝንት በርንድ አት ኦል» ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ግን ሌላ ነው። ጣሪያው የለም፣ ግድግዳው ቆሟል፣ በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት ከአውሮፕላን ሲደበድቡም ጉዳት ደርሶበታል። እዚህ ላይ «ዘ ፓላስ ዎዝ ኖት ኮምፕሊትሊ ዲስትሮይድ» ቢባል ልክ ነው፣ ምክንያቱም የፈረሰም የቆመም አለ። ቃሏ አንድ ነች፣ አንዱ ሕንጻ ላይ ውሸት ትሆናለች፣ ሌላው ላይ እውነት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ለሪሴፕሽን ሠራተኛ ደግሞ ከኮምፕሊትሊም የባሰ ነው፣ «አብሶሉትሊ»። ዲክሽነሪ «በፍጹም» ይልሻል። በአማርኛ ሰው ጠይቆሽ «በፍጹም!» ብለሽ ዝም ካልሽ መልስሽ የለም፣ አይሆንም ነው። በእንግሊዝኛ «አብሶሉትሊ!» ብለሽ ዝም ካልሽ መልስሽ እንዴታ፣ በደንብ ነዋ ነው። ተቃራኒ! እንግዳው «ለቁርስ ተጨማሪ እንከፍላለን?» ብሎሽ አንቺ በፈገግታ «አብሶሉትሊ» ብትዪው ያለምንም ቅሬታ ይከፍልሻል፣ ነጻ መሆኑን በኋላ ሲያውቅ ነው ጉዱ። አይደለም ለማለት «አብሶሉትሊ ኖት» ወይ ለስለስ ሲል «ኖት አት ኦል» ነው የሚባለው።

ወደ ኮምፕሊትሊ ልመለስና፣ ታዲያ ጭራሽ ለሚለው ፈጽሞ አታገለግልም ወይ ብትዪኝ፣ ታገለግላለች፣ ግን አሉታው ቃሉ ውስጥ የተቀበረ ሲሆን። እንግሊዝኛ «አል»ን እንደኛ ግሱ ላይ እያጣበቀ አይሄድም፣ ግን ውስጣቸው እምቢታ ወይ ጉድለት ያለባቸው ቃላት ሞልተውታል፣ መርሳት፣ ችላ ማለት፣ አለመስማማት፣ የማይቻል፣ የማይረባ። «አይ ኮምፕሊትሊ ፎርጎት»፣ ጭራሽ ረሳሁት፣ በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። «አይ ኮምፕሊትሊ ዲሳግሪ»፣ ጭራሽ አልስማማም። «ኢትስ ኮምፕሊትሊ ኢምፖሲብል»፣ ፈጽሞ አይቻልም። እንግዲህ «ኖት» ወይ «ዶንት» ብቻውን ቆሞ ከታየ «አት ኦል»፣ አሉታው ቃሉ ሆድ ውስጥ ካለ ኮምፕሊትሊ፣ በዚህ ከሄድሽ አትሳሳቺም።

ሌላ የጨዋነት ጉዳይ አለ፣ ይሄን ከዲክሽነሪ አታገኚውም። እንግሊዞች በተለይ ቅሬታቸውን በ«ኖት ኮምፕሊትሊ» እና በ«ኖት ኢንታየርሊ» መሸፈን ይወዳሉ። «አይ ዶንት ኮምፕሊትሊ አግሪ» ያለሽ ሰው ቃል በቃል ሲታይ በከፊል ተስማምቷል፣ በልቡ ግን አልተስማማም፣ ላለማስከፋት ነው ያለዘበው። እንግዳ ዴስኩ ጋ መጥቶ «ዊ አር ኖት ኢንታየርሊ ሃፒ ዊዝ ዘ ሩም» ካለሽ ዘጠና በመቶ ደስ ብሎታል ብለሽ እንዳትስቂለት፣ ክፍል ቀይሪልኝ እያለሽ ነው፣ ሙቅ ውሃው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የኛም ሰው እኮ ወጡ ሳይጥመው «ምንም አይል» ይላል። አሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግን እነሱም ኢሜይል ላይ ይሄን ያደርጉታል።

አሁን ከየትኛው ቃል ጋር ትሄዳለች ወደሚለው እንምጣ፣ እዚህ ጋ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ትርጉም ግማሽ መንገድ ያደርስሻል። (ሙሉ በሙሉ ነው ሙሉ ለሙሉ ነው የሚለውን ክርክር ለሬዲዮ ጋዜጠኞች ትቼዋለሁ።) ኮምፕሊትሊ ማለቂያ ያለው ነገር ትፈልጋለች። የፋሲል መዋኛ፣ ጥምቀተ ባሕሩ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል። ደረቅ ሲሆን «ኮምፕሊትሊ ድራይ»፣ ባዶ ሲሆን «ኮምፕሊትሊ ኤምፕቲ»፣ ሞልቶ ጥር 11 ሲባረክ «ኮምፕሊትሊ ፉል» ይባላል፣ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም ከባዶ የባሰ ባዶ የለም፣ ከሙሉም የባሰ ሙሉ የለም። «ኮምፕሊትሊ ዲፕ» ወይ «ኮምፕሊትሊ ቢግ» ግን አይባልም። ትልቅ የሚባል ነገር ሁሉ ከሱ የሚበልጥ አይጠፋም፣ ጥልቀትም እንደዛው፣ ማለቂያ የላቸውም። ለእነዚህ «ቬሪ» ነው።

ለራስሽ መፈተኛ ከፈለግሽ ቃሉ ፊት «ኦልሞስት» አስቀምጪ፣ ልሆን ጥቂት ቀረኝ የምትለዋን። «ኦልሞስት ፉል» ያስኬዳል፣ «ኦልሞስት ኤምፕቲ» ያስኬዳል፣ «ኦልሞስት ክሎዝድ» ያስኬዳል፣ ስለዚህ ኮምፕሊትሊም ትገባለች። «ኦልሞስት ቶል»? ረጅም ለመሆን ጥቂት የቀረው ሰው ማን ነው? ስለዚህ ኮምፕሊትሊ ቶል የለም። ይሄ ፈተና ሁሌ አይሠራም፣ አንዳንዱ ቃል በሁለቱም በኩል ይኖራል፣ ለምሳሌ «ሃፒ» ብቻዋን ቬሪን ነው የምትወደው፣ ግን በአገልግሎቱ ረካሁ ለማለት ሲሆን ኮምፕሊትሊ ሃፒ ይባላል፣ ያኔ ቅሬታ የሚባል ነገር ዜሮ ገባ ማለት ስለሆነ ማለቂያ አለው። ለኢሜይል ሥራ ግን ፈተናው ከበቂ በላይ ነው።

ድካምና ብርድ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «አይ አም ኮምፕሊትሊ ታየርድ» ደካማ እንግሊዝኛ ነው፣ «ታየርድ» ደረጃው ብዙ ነው፣ ትንሽ ይደክማል፣ በጣም ይደክማል፣ ስለዚህ ቬሪ ታየርድ። «ኤግዞስትድ» ግን ዝልፍልፍ ብሎ ማለቅ ስለሆነ ኮምፕሊትሊ ኤግዞስትድ ይባላል። «ኮልድ» ቬሪን ትወስዳለች፣ «ፍሪዚንግ» አብሶሉትሊን። «ቢዩቲፉል» ከኮምፕሊትሊ ጋር አይዋደድም፣ ከአብሶሉትሊ ጋር ግን ሆቴልሽ ሪቪው ላይ ታዪዋለሽ፣ አብሶሉትሊ ቢዩቲፉል። አብሶሉትሊ ቁና ሞላ አልሞላ አትልም፣ የተናጋሪውን ስሜት ነው የምታግለው፣ ለዚህ ነው ከጣፋጭ፣ ከድንቅ፣ ከአስቀያሚ ጋር የምትሄደው።

ሌላ አጠቃቀም፣ ኮምፕሊትሊ ማለቂያን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቦታም ትሸፍናለች። የሥላሴ ጣሪያ «ኮምፕሊትሊ ከቨርድ ዊዝ ፔይንቲንግስ» ሲባል ክፍት የቀረ ሥፍራ የለም ማለት ነው። ይሄ ለአስጎብኚ ጥሩ ሐረግ ነው፣ ያዢላቸው።

ግሶች ላይ ሲመጣ አማርኛ ሌላ መንገድ አለው። «በልቶ ጨረሰው»፣ «ጠጥታ ጨረሰችው» እንላለን፣ ይሄን «ሂ ኮምፕሊትሊ ኤት» ብሎ መተርጎም ያስቃል። እንግሊዝኛ እዚያ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿን «አፕ» ያስገባል፣ «ሂ ኤት ኢት አፕ»፣ «ዊ ዩዝድ አፕ ዘ ዋተር»። ወይ ደግሞ ሙሉነቱን ዕቃው ላይ ይጭነዋል። መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ አነበብኩት ለማለት «አይ ሬድ ዘ ሆል ቡክ» ነው፣ ኮምፕሊትሊ ሬድ አይደለም። ሙሉ ቀን ጠበቅኩህ፣ «ኦል ዴይ»። ኮምፕሊትሊ ደስ የሚላት ለውጥ ያለበት ግስ ነው፣ መለወጥ፣ መውደም፣ መዳን፣ መርሳት፣ ወይ ደግሞ መስማማትና መረዳት። መውደድ ላይ አትገባም፣ «አይ ኮምፕሊትሊ ላይክ ጎንደር» የሚል እንግዳ አላጋጠመሽም፣ አያጋጥምሽምም፣ «ሪሊ ላይክ» ነው የሚሉት።

ቦታዋ፦ ከረዳት ግስ በኋላ ከዋናው ግስ በፊት፣ «አይ ሃቭ ኮምፕሊትሊ ፎርጎትን»። ወይ መጨረሻ ላይ፣ «ዘ ሲቲ ሃዝ ቼንጅድ ኮምፕሊትሊ»። በግሱና በተሳቢው መሀል አትሰንቅሪያት፣ «አይ ፎርጎት ኮምፕሊትሊ ዘ ኪ» ስህተት ነው። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይም «ኮምፕሊትሊ፣ አይ አግሪ» አይባልም፣ ይሄ ከአማርኛው «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ቅደም ተከተል የመጣ ነው።

«ኮምፕሊት»ን እና «ኮምፕሊትሊ»ን የሚቀያይሩም አሉ። ሥራው አልቋል ለማለት «ዘ ወርክ ኢዝ ኮምፕሊት» ነው፣ ሊ የላትም። ስም ፊት ሲሆንም ሊ የላትም፣ «ኤ ኮምፕሊት ስትሬንጀር» ማለት አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። «ኮምፕሊትሊ ስትሬንጅ» ካልሽ ግን ጠባዩ ግራ የሚያጋባ አልሽው፣ ስለ እንግዳ እየጻፍሽ ከሆነ ይሄ ልዩነት ሥራ ሊያሳጣሽ ይችላል።

አንድ ናቸው የሚሉሽ ዘመዶቿ አንድ አይደሉም፣ ግን ብዙ ቦታ ይተካካሉ፣ አትጨናነቂ። «ፉሊ» የሥራ ቋንቋ ነች፣ አቅም፣ ዝግጅት፣ ቁጥር ያለበት ጋ ትቀመጣለች። ሆቴል ሲሞላ «ፉሊ ቡክድ» ነው፣ ይሄ የደነደነ ሐረግ ነው፣ ኮምፕሊትሊ ቡክድ ብትዪም ያስኬዳል፣ ግን ፉሊ ነው ባለሙያ የሚያስመስልሽ። ስልክ «ፉሊ ቻርጅድ»፣ ቤት «ፉሊ ፈርኒሽድ»፣ ሰው ደግሞ ጉዳዩን «ፉሊ አዌር» ይሆናል። «ቶታሊ» የወሬ ቃል ነች፣ ወጣቶች «ቶታሊ!» ይባባላሉ፣ ሪፖርትና የፈተና ድርሰት ላይ ባታበዣት ጥሩ ነው። «ኢንታየርሊ» ከሁሉም ጨዋዋ ነች፣ ሥሯ ያልተነካ ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ ደብዳቤ ላይ ታምራለች፣ «ኢንታየርሊ ኒው»፣ «ኢንታየርሊ ዲፈረንት»። «አተርሊ» አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፎ ነገር ጋር ትሄዳለች፣ የማይረባ፣ አስቂኝ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ቁርሳችን አተርሊ ጣፋጭ ነው ብለሽ ሜኑ ላይ አትጻፊ። «ፐርፌክትሊ» በተቃራኒው ደግ ደጉን ትወዳለች፣ «ፐርፌክትሊ ክሊር»፣ «ፐርፌክትሊ ኖርማል»።

«ኳይት» ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ የእንግሊዝ እንግዳ ካለሽ እሷ ታሳብድሻለች። አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ማለት ነች፣ «ዩ አር ኳይት ራይት»፣ ልክ ነሽ ምንም አይወጣለትም። ማለቂያ ከሌለው ቃል ጋር ስትሆን ግን በእንግሊዞች አፍ ደህና ነው፣ አይከፋም ያህል ትወርዳለች። አሜሪካዊ «ዘ ሆቴል ዎዝ ኳይት ጉድ» ቢል አመስግኖሻል፣ እንግሊዛዊ በዚያው ቃል ቢጽፍ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቶሽ ሊሆን ይችላል። «ኖት ኳይት» ደግሞ ልክ እንደ ኖት ኮምፕሊትሊ ነች፣ «ኖት ኳይት ሬዲ» ማለት ትንሽ ቀርቶኛል ማለት እንጂ ጭራሽ አልተዘጋጀሁም አይደለም። ታክሲ ደጅ አቁመሽ እንግዳው ይሄን ካለሽ ሹፌሩን አታሰናብቺው።

አሁን ጥንቃቄ። ኮምፕሊትሊ ቃል ኪዳን ነች፣ አንድ ቀዳዳ ከተገኘ ውሸታም ታሰኛለች። የጾም ምግባችሁን «ኮምፕሊትሊ ቪጋን» ብላችሁ ሜኑ ላይ የምትጽፉ ሁሉ ወጥ ቤቱን ጠይቁ፣ ዓሣ በጾም የሚበላበት ቤት ብዙ ነው፣ ለቪጋን፣ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ጭራሽ ለማይበላ ሰው፣ ደግሞ ዓሣም ሥጋ ነው። ሽሮውም ከጾም ውጪ በሆነ ቀን ቅቤ ይገባበታል፣ ሽሮ ስለሆነ ብቻ ሁሌ ጾም ነው ማለት አይደለም። ከዚህ የከበደው እንጀራ ነው። ጤፍ ግሉተን፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የለውም፣ ይሄ እውነት ነው፣ በዚህ ተመርኩዞ «አወር ኢንጀራ ኢዝ ኮምፕሊትሊ ግሉተን ፍሪ» የሚል ሪሴፕሽኒስት አለ። እንጀራው ገብስ ወይ ስንዴ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ግሉተን አለው፣ ወፍጮ ቤቱም ያንኑ ድንጋይ ለስንዴም ለጤፍም ሊጠቀምበት ይችላል። ሲሊያክ፣ ግሉተን ሲበላ የሚነሳ በሽታ፣ ያለበት ሰው ኮምፕሊትሊ የምትለዋን አምኖ በልቶ ይታመማል። እንዲህ ላለ ሰው «ኢት ኢዝ ሜድ ፍሮም ቴፍ፣ ባት ዊ ካንት ጋራንቲ» ብሎ ሀቁን መናገር ነው ያለብሽ። ስለ መንገድና ስለ ሰሜን ተራሮች ጉዞ ሲጠይቁሽም «ኮምፕሊትሊ ሴፍ» አትበዪ፣ ያን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፣ የምታውቂውን ንገሪያቸውና ለደባርቁ የፓርክ ቢሮ ደውለው እንዲያጣሩ አድርጊ።

የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፣ ክፍልና ዋጋን በሚመለከት ኢሜይል ላይ «ኖት ኮምፕሊትሊ»ን ተያት። ሰዋስው ስላልሆነ አይደለም፣ ሰሚው ምን ያህል እንደቀረ እንዲገምት ስለምትተይው ነው። ሙሉ ከሆናችሁ «ፉሊ ቡክድ»፣ ሊሞላ ከሆነ «ኦልሞስት ፉል»፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ጻፊ፣ «ዊ ስቲል ሃቭ 12 ሩምስ ፎር ቲምከት»። ቁጥር ያለበት ጋ ተውሳከ ግስ ምን ይሠራል? በተለይ ጥምቀት ላይ፣ ሰው ከወራት በፊት ክፍል በሚይዝበት ሰሞን፣ እንግዳው የሚፈልገው ስንት አልጋ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ ያዢልኛል ነው። ለዚያ ሰውዬ ኢሜይል መልሰሽ ብትጽፊለት አይከፋም፣ የሌላውን ሆቴል ቀብድ ካልከፈለ ሊመለስ ይችላል፣ ክፍሎቹን ቆጥረሽ ላኪለት እንጂ ቃሏን አታስረጂው።

ስትጽፊያት ደግሞ ከሊ በፊት ያለችው ኢ አትወድቅም። ብዙ ሰው ይጥላታል፣ ምክንያቱም በአነጋገር አትሰማም፣ እንደውም ፈጥነው የሚያወሩ ፈረንጆች ቲዋንም ይውጧታል። ጫናው ሁለተኛው ቀለም ላይ ነው፣ ፕሊት የሚለው ላይ፣ ኮም የሚለውን አለስልሰሽ እለፊው፣ በኛ አፍ ፒና ኤል መሀል የምትገባዋን ትንሽ እ ማስቀረት ከከበደሽ መጀመሪያ «ፕሊዝ»ን ደጋግመሽ በይና ከዚያ ወደ ኮምፕሊት ተሻገሪ።